የተማሪዎች የቢዝነስ ፕላን ውድድር፦ ዳኝነቱንና ሽልማቱን ከሥሩ ማዘጋጀት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የቢዝነስ ፕላን ውድድር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አዳራሽ፣ ስፖንሰርና ፖስተር በማሯሯጥ ነው። ዳኝነቱ የሚታወሰው ሳምንት ሲቀረው ነው። አንድ ሰው ከኢንተርኔት የነጥብ ወረቀት አውርዶ ያባዛል። ዳኞቹ ጠዋት ሲመጡ ይታደላቸዋል። ማታ ነጥቡ ተደምሮ አሸናፊ ይታወጃል። ከዚያ ቅሬታው ይጀምራል። «እኛ በምን ተበለጥን?» ብሎ ለሚጠይቅ ቡድን በቂ መልስ ያለው ሰው ይጠፋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የዚህ ሥራ ሥሩ የነጥብ ወረቀቱ ነው። የትኛው መስፈርት ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ስትጽፉ፣ ምን ዓይነት ቡድን እንደሚያሸንፍ እየወሰናችሁ ነው። ስለዚህ የተሳትፎ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት መስፈርቱ፣ የዳኞች ደንቡ፣ የነጥብ አቆጣጠሩና የሽልማት ውሉ ተጽፈው ማለቅ አለባቸው። እንዴት እንደሚጻፉ በቅደም ተከተል እንይ።

1. ውድድሩ ለምን እንደሚደረግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ውስጥ ሙት ኮርፕ የተባለውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀምር፣ ሐሳቡን የወሰደው የሕግ ተማሪዎች ከሚለማመዱበት ምስለ ችሎት ነበር። ዓላማው ልምምድ ነው። ተማሪው እንደ ባለሀብት በሚጠይቁት ሰዎች ፊት ቆሞ ይፈተናል። በ1990 በኤም.አይ.ቲ. (በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም) የተጀመረው ውድድር ደግሞ 10 ሺህ ዶላር ሽልማት ይዞ ተነሳ። ሽልማቱ ኋላ ወደ 50 ሺህ፣ ከዚያም ወደ 100 ሺህ አደገ። እዚያ የሚጠበቀው ነገ በር የሚከፍት ኩባንያ ነው።

ሁለቱም ጥሩ ዓላማ ነው። የሚያበላሸው ሁለቱን መቀላቀል ነው። ዓላማችሁ ማስተማር ከሆነ ሽልማቱን ለብዙ ቡድን በትናንሹ አከፋፍሉ፤ ዋናው ክፍያ ዳኞች የሚሰጡት አስተያየት ነው። ዓላማችሁ ድርጅት ማስጀመር ከሆነ ገንዘቡን ለጥቂቶች ሰብስቡ፤ ከወረቀቱ ይልቅ በተግባር ለታየው ማስረጃ ነጥብ ስጡ። ኮሚቴው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልተስማማ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና።

2. ማን መወዳደር እንደሚችል ቁርጥ አድርጉ

ገና ሐሳብ ብቻ ያለውን የ2ኛ ዓመት ተማሪና ሁለት ዓመት ሲሸጥ የቆየን ቡድን በአንድ ሚዛን አታስቀምጡ። «የሐሳብ ደረጃ» እና «ሥራ የጀመሩ» ብላችሁ ምድብ ለዩ። መለያውም በቁጥር ይሁን። ለምሳሌ ከዚህ መጠን በላይ ሽያጭ ወይም የውጭ ገንዘብ ያገኘ ቡድን ወደ ሁለተኛው ምድብ ይገባል በሉ።

የሚከተሉትንም ጥያቄዎች ጥሪው ላይ መልሱ። ከቡድኑ አባላት ስንቱ ተማሪ መሆን አለባቸው? የተመረቀ ሰው እስከ መቼ ይፈቀዳል? መምህር በቡድኑ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል? ሐሳቡ ከዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ የወጣ ከሆነ ባለቤቱ ማን ነው? የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው። አንድ ቡድን የእሱ ባልሆነ ቴክኖሎጂ አንደኛ ከወጣ በኋላ ነገሩን መፍታት ጣጣ ነው። መድረክ ላይ የሚቀርበውም ተማሪው ራሱ መሆኑን ደንቡ ውስጥ አስገቡ።

3. የነጥብ ወረቀቱን ጻፉ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ሥራ ለጀመሩ ቡድኖች ከ100 እንዲህ ባከፋፍለው እመርጣለሁ፦ ችግሩና ደንበኛው 20፣ መፍትሔውና ከሌሎች የሚለይበት 15፣ የገበያ ማስረጃ 20፣ ገቢና ወጪ 15፣ ቡድኑ 15፣ የሚቀጥሉት ወራት ዕቅድና የሽልማቱ አጠቃቀም 10፣ አቀራረብ 5። ለሐሳብ ደረጃ ምድብ ከገበያ ማስረጃ 10 ነጥብ ቀንሳችሁ ለችግሩና ለደንበኛው ጨምሩት።

አቀራረብ 5 ብቻ መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርመዋል። ምክንያት አለው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 ባወጣው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ በአንድ ነገር ጥሩ ያሉትን ሰው በሌላውም ሁሉ ጥሩ እንደሚሉት አሳይቷል። ውድድር ላይም ያው ነው። አንደበተ ርቱዕ ተማሪ በአቀራረብ ብቻ አይደለም የሚያተርፈው። የፋይናንስ ሠንጠረዡም የተሻለ ይመስላል፣ ገበያውም የሰፋ ይመስላል። ንግግሩ ሳይጠራ በየመስፈርቱ ስለሚገባ፣ ለብቻው 20 ነጥብ መስጠት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መስፈርት ከ0 እስከ 5 አድርጋችሁ፣ ለየቁጥሩ መግለጫ ጻፉለት። «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» የሚሉ ቃላት አይበቁም፤ የአንዱ ዳኛ «ጥሩ» የሌላው «መካከለኛ» ነው። መግለጫው በዓይን የሚታይ፣ ተጠይቆ የሚረጋገጥ ነገር ይሁን። የገበያ ማስረጃን ለምሳሌ እንውሰድ፦

0 — ከማንም ደንበኛ ጋር አልተነጋገሩም።
1 — ጓደኛና ዘመድ ጠይቀዋል፣ ወይም ያላቸው ከኢንተርኔት ያገኙት የገበያ መጠን ብቻ ነው።
2 — ደንበኛ ሊሆኑ የሚችሉ የማያውቋቸውን ሰዎች አነጋግረዋል፤ ምን እንደሰሙ ግን ዘርዝረው አይናገሩም።
3 — የሰሙትን ይናገራሉ፤ በዚያም ምክንያት ከዕቅዳቸው የቀየሩትን ያሳያሉ።
4 — ሰዎች ናሙናውን ሞክረዋል፣ ወይም ለመግዛት በጽሑፍ ተስማምተዋል።
5 — የማያውቋቸው ሰዎች ከኪሳቸው ከፍለዋል፤ ከእነሱም ተመልሶ የገዛ አለ።

አንድ ዳኛ ለዚህ መስፈርት 3 ከሰጠ ከ20ው 12 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ማባዛቱን ኤክሴል ይሥራው። ዳኛው ከ0 እስከ 5 ብቻ ያስብ። የተማሪው ጥቅም ደግሞ የበለጠ ነው። ይህን ወረቀት ከጥሪው ጋር ካወጣችሁት፣ ከ2 ወደ 3 ለመሻገር ምን ማድረግ እንዳለበት ገና ከመነሻው ያውቃል። ወጥቶ ሰው ያነጋግራል። ውድድሩ ያስተማረው ያኔ ነው።

የገቢና ወጪ መግለጫ ስትጽፉ የአምስት ዓመት ትንበያን አትሸልሙ። «ከገበያው 1 በመቶ ብቻ ብንይዝ» ብሎ የሚጀምር ሠንጠረዥ መድረሻው ሁልጊዜ ትልቅ ቁጥር ነው። ከዚያ ይልቅ ከአንድ ሽያጭ ተነሱ። አንዱን ዕቃ ለማምረትና ለማድረስ ስንት ያወጣል? በስንት ይሸጣል? አንድ ደንበኛ ለማግኘት ስንት ይፈጃል? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከየት እንዳመጣቸው የሚያስረዳ ተማሪ ትንበያው ቢሳሳት እንኳ የሚያርመውን ያውቃል። ከፍተኛውን ነጥብ ለእሱ አድርጉት።

ሌላም ልጨምር። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባማረ ቋንቋ የተሟላ ቢዝነስ ፕላን በደቂቃዎች ይጽፋል። የጽሑፍ ጥራት ድሮ የትጋት ምልክት ነበር፤ ዛሬ ብዙም አይነግረንም። መከልከሉ አያዋጣም፤ ማረጋገጫ የለውምና። የሚሻለው ነጥቡን ማሽን ሊፈጥረው ወደማይችለው ማዞር ነው። ያነጋገሩትን ሰው፣ የሞከሩትን ናሙና፣ የሸጡበትን ደረሰኝ እንዲያሳዩ ጠይቁ፤ ፊት ለፊት ለሚመለስ ጥያቄም በቂ ጊዜ መድቡ።

4. ዳኞችን ምረጡ፣ ቀጥሎም አሠልጥኑ

ለፍጻሜው አምስት ዳኞች ይበቃሉ። ድርጅት መሥርቶ ያየ፣ ብድር ወይም ኢንቨስትመንት የሚሰጥ፣ የሸማቹን ባሕርይ የሚያውቅ፣ በቴክኒክ ሙያ የተካነና አንድ መምህር ቢሆኑ ጥሩ ስብጥር ነው። ሁሉም የባንክ ሰው ከሆኑ ገንዘቡ ብቻ ይታያል። ሁሉም መምህር ከሆኑ ጽሑፉ ብቻ ይታያል። ስመ ጥር እንግዳ መጋበዝ ለመድረኩ ድምቀት ነው፤ ግን ሙሉ ቀን ተቀምጦ የማይዳኝ ሰው የመክፈቻ ንግግር ያድርግ እንጂ ነጥብ አይስጥ። ሁለት ቡድን አይቶ የሚሄድ ዳኛ የቀሩትን ይበድላል።

እያንዳንዱ ዳኛ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር አይቶ የጥቅም ግጭት ቅጽ ይፈርም። ዝምድና፣ የማማከር ሥራ፣ የቀጣሪነት ግንኙነት፣ በቡድኑ ላይ ገንዘብ የማዋል ሐሳብ ካለ ይጻፍ። ግጭት ያለበት ዳኛ በዚያ ቡድን ጊዜ ነጥብ አለመስጠት ብቻ አይበቃም፤ ከክፍሉ ይውጣ፣ ስለ ቡድኑ በሚደረግ ውይይትም አይሳተፍ። የዳኞቹ ቁጥር ከቡድን ቡድን ሊለያይ ስለሚችል ድምር አትጠቀሙ፤ ሁልጊዜ አማካይ ይሁን። ይህች ትንሽ ነገር ተረስታ አንድ ዳኛ የጎደለው ቡድን ያለ ጥፋቱ ከመጨረሻ ይመደባል።

ስፖንሰሩስ? ወንበር ይፈልጋል፣ ያውም በገንዘቡ። አንድ ድምፅ ስጡት፣ ከሌላው እኩል ይሠልጥን፣ ያው ቅጽ ይፈርም። የመሻር መብት ግን በፍጹም አይሰጠውም። ይህን ስምምነቱ ሲፈረም ግልጽ አድርጉ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

ስለ ምስጢር ለተማሪዎች እውነቱን ንገሯቸው። አብዛኛው ባለሀብት የምስጢር ጥበቃ ስምምነት አይፈርምም። በአደባባይ የቀረበ ፈጠራ ደግሞ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብትን ሊያሳጣ ይችላል። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ከማመልከቻው በፊት በይፋ የተገለጸ ነገር አዲስነቱን ያጣል፤ አሜሪካ የ1 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ትሰጣለች። ስለዚህ ፓተንት ሊያወጣ የሚያስብ ቡድን አስቀድሞ ያመልክት፣ ካልሆነም መድረክ ላይ ጥቅሙን እንጂ አሠራሩን አይግለጽ። ይህን የሚነግራቸው ከናንተ በቀር ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ሥልጠናው ይመጣል። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚወስደው፣ ብዙ ኮሚቴ ግን ይዘለዋል። ዳኞቹን ሰብስባችሁ አንድ የናሙና ዕቅድ ስጧቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ነጥብ ይስጥ። ከዚያ ነጥቦቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንድ መስፈርት ላይ አንዱ 2 ሌላው 5 ከሰጠ፣ የትኛውን መግለጫ እንዴት እንዳነበቡት ይነጋገሩ። መግለጫው አሻሚ ከሆነ እዚያው አስተካክሉት። ይህን ያደረጉ ዳኞች የመጀመሪያውን ተወዳዳሪ መለማመጃ አያደርጉትም።

5. የጽሑፍ ማጣሪያው

በፍጥነት እንለፈው። እያንዳንዱ ዕቅድ ቢያንስ በሦስት ሰው ይነበብ። የአባላቱ ስምና የትምህርት ክፍል ይሸፈን። ለአንድ አንባቢ ከ15 ዕቅድ በላይ አትስጡ፤ ከዚያ በኋላ ዓይን እንጂ ልብ አያነብም። አንዱ አንባቢ ከመጀመሪያው፣ ሌላው ከመጨረሻው እንዲጀምር ቅደም ተከተሉን አቀያይሩ። አንባቢዎችን በቋሚ ቡድን አትክፈሉ። አንድ አንባቢ ከብዙ ሌሎች ጋር ዕቅድ የሚጋራ ከሆነ፣ ማን ለጋስ ማን ቆጣቢ እንደሆነ ኋላ ቁጥሩ ራሱ ያሳያችኋል።

6. የፍጻሜው ቀን

ለአንድ ቡድን 10 ደቂቃ ማቅረቢያ፣ 10 ደቂቃ ጥያቄ፣ 5 ደቂቃ ነጥብ መስጫ መድቡ። ስምንት ቡድን ካለ 200 ደቂቃ ይሆናል፤ ሁለት ዕረፍት ሲጨመርበት ግማሽ ቀን ያህል ይወስዳል። ከስምንት በላይ አታድርጉ።

ተራው በሁሉም ፊት በዕጣ ይውጣ። ስላይዶች ሁሉ ከዋዜማው ተሰብስበው በአንድ ኮምፒውተር ይጫኑ፤ የገመድና የፕሮጀክተር ጣጣ የማንንም ደቂቃ አይብላ። ሰዓት ጠባቂው ፊት ለፊት ተቀምጦ 3፣ 1 እና 0 የተጻፈባቸውን ካርዶች ያሳይ። ዜሮ ላይ ንግግሩ ይቆማል፣ ለማንም። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ከተፈቀደ ቀድሞ የቆመው ቡድን ተበድሏል።

መጀመሪያ የሚቀርብ ቡድን አንድ ችግር አለበት። ዳኞች «ከኋላ የተሻለ ሊመጣ ይችላል» ብለው ከፍተኛውን ነጥብ ይቆጥባሉ። የመግለጫው ወረቀት ይህን ይቀንሳል። በተጨማሪ ሁሉም ቡድን ካለቀ በኋላ ዳኞች የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች ተመልሰው እንዲያዩ 10 ደቂቃ ስጡ። የቀየሩት ካለ ሰርዘው ይፈርሙበት፤ የተሰረዘው ቁጥር ግን የሚነበብ ይሁን።

ጥያቄው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሁሉም ቡድን አንድ ይሁን። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ «ስትጀምሩ እርግጠኛ ከነበራችሁበት ነገር ውስጥ ውሸት ሆኖ ያገኛችሁት የቱ ነው?» በእውነት የሠራ ቡድን ወዲያው ይመልሳል። ቀኑን፣ ሰውየውን፣ ያለውን ነገር ይጠቅሳል። ያልሠራ ቡድን ስለ ሐሳቡ ጥሩነት እንደገና ያስረዳል። ዳኞችም ጥያቄ ይጠይቁ እንጂ ምክር አይስጡ። ለምክር ሌላ ሰዓት አለ፤ ያ 10 ደቂቃ የተማሪው ነው።

ነጥቡ ሳይሰበሰብ ዳኞች ስለ ቡድኑ እርስ በርስ አይነጋገሩ። ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩትን የመስመር ርዝመት እንኳ ሌሎች ተስማምተው ሲሳሳቱ አብረው እንደሚሳሳቱ ታይቷል። የቢዝነስ ዕቅድ ጥራት ከመስመር ርዝመት ይበልጥ አሻሚ ነው። አንድ የተከበረ ዳኛ «ይሄኛውስ አይረባም» ብሎ ከተነፈሰ የአምስት ዳኛ ነጥብ ሰብስባችኋል ለማለት አይቻልም።

7. ነጥቡን ቁጠሩ

እዚህ ጋ ነው ሳይታወቅ ፍርድ የሚጣመመው። ሦስት ዳኞችና ሦስት ቡድኖች አሉ እንበል።

1ኛ ዳኛ፦ ለቡድን ሀ 78፣ ለለ 76፣ ለሐ 74።
2ኛ ዳኛ፦ ለሀ 80፣ ለለ 77፣ ለሐ 75።
3ኛ ዳኛ፦ ለሀ 50፣ ለለ 70፣ ለሐ 95።

ሁሉንም ቡድን ያዩት ያው ሦስት ዳኞች ስለሆኑ እዚህ ድምርም አማካይም አንድ ቅደም ተከተል ይሰጣሉ። ድምሩ ሀ 208፣ ለ 223፣ ሐ 244 ነው። ሐ በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጣ። አሁን ወደ ላይ ተመለሱ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ሐን መጨረሻ፣ ሀን መጀመሪያ አድርገዋል። ውጤቱን ግን ገለበጠው ሦስተኛው ዳኛ። የእሱ አስተያየት ከሌሎቹ ስለበለጠ አይደለም። ሌሎቹ በ4 እና በ5 ነጥብ ልዩነት ውስጥ ሲዳኙ እሱ በ45 ነጥብ ስለተዘረጋ ነው። ነጥቡን አራርቆ የሚሰጥ ዳኛ ድምፁ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ተንኮል አያስፈልገውም፤ ልማዱ ይበቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ የየዳኛውን ነጥብ ወደ ደረጃ መቀየር ነው። ሀ 1፣ 1፣ 3 አግኝቶ ድምሩ 5 ይሆናል። ለ 2፣ 2፣ 2 ስላለው 6። ሐ 3፣ 3፣ 1 ስላለው 7። ትንሹ ያሸንፋል፤ ሀ አንደኛ ነው። ቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ይህ ዘዴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ዣን ሻርል ደ ቦርዳ ካቀረበው የምርጫ አቆጣጠር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ዛሬም ለማንም ሰው በሁለት ደቂቃ ይብራራል።

ሁለተኛው በስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም የአንድ ዳኛ ነጥቦች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ በሚለካው ቁጥር፣ ማስተካከል ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የዚያን ዳኛ አማካይ ቀንሱ፣ የቀረውን ለዚያው ዳኛ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አካፍሉ፣ ከዚያ የየቡድኑን አማካይ ውሰዱ። ከላይ ባለው ምሳሌ ይህም ሀን አንደኛ ያደርጋል። ጥቅሙ ዳኛው በቡድኖች መካከል ያየውን ርቀት ጨርሶ አለመጣሉ ነው። ብዙ ዕቅድ ለብዙ አንባቢ በተከፋፈለበት ማጣሪያ ይህን ተጠቀሙ። አማካይ መቀነስ ብቻ ግን አይበቃም፤ ለጋሱን ዳኛ ያስተካክላል እንጂ ነጥብ የሚዘረጋውን አይነካውም።

ለፍጻሜው ደረጃን እመርጣለሁ። ተሸናፊው ቡድን ራሱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው የሚችል ስሌት ከረቀቀው ይልቅ አመኔታ አለው። የትኛውንም ብትመርጡ ነጥቡን ከማየታችሁ በፊት ጥሪው ላይ ጻፉት። ውጤት ካዩ በኋላ ቀመር መምረጥ አሸናፊ መምረጥ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ቁጥራቸው ካልገጠመ ማስታወቂያው ይቆይ።

እኩል ቢወጡስ? ቀድማችሁ ቅደም ተከተል አስቀምጡ። መጀመሪያ ብዙ ዳኛ አንደኛ ያደረገው፣ አሁንም እኩል ከሆኑ በገበያ ማስረጃ የበለጠው፣ ካልሆነም ሽልማቱ ይካፈላል።

ከቆጠራው በኋላ ዳኞች ይወያዩ። ውይይቱ ግን ገደብ ይኑረው። ዳኛ ነጥቡን መቀየር የሚችለው መስፈርቱን ጠቅሶ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ካስቀመጠ ብቻ ነው፤ የተቀየረውም እንደ አዲስ ይቆጠራል። «ባጠቃላይ ስሜቴ ይሄኛውን ይላል» ምክንያት አይደለም። በውይይቱ መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜም በማዕረግም ትንሹ ዳኛ ይሁን። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ዝም ይላል።

8. ሽልማቱን አዋቅሩ

ክፍፍሉ ዓላማችሁን ይከተል። ለማስተማር ከሆነ ለአንደኛ 40 በመቶ፣ ለሁለተኛ 25፣ ለሦስተኛ 15፣ የቀረውን 20 ለቀሩት የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ማከፋፈል ያምራል። ድርጅት ለማስጀመር ከሆነ አንደኛው ሥራ ሊጀምርበት የማይችል ገንዘብ ሽልማት አይደለም። ብሩ ካልበቃ የሽልማቶቹን ብዛት ቀንሱ።

ጥሬ ገንዘብና አገልግሎትን ለያይታችሁ አስታውቁ። ብዙ ውድድር አንድ ትልቅ ቁጥር ፖስተር ላይ ያወጣና፣ ውስጡ ሲታይ አብዛኛው የማማከር ሰዓት፣ የቢሮ ቦታና የሶፍትዌር ቅናሽ ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ስሙ ሲጠራ ይደሰታል፣ ማግስቱን ያዝናል። ነፃ የሕግ ምክርና የሥራ ቦታ ውድ ነገር ነው፤ አልናቅኩትም። ግን በስሙ ይጠራ፣ ማን እንደሚሰጠው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍ።

ሽልማቱ በቡድኑ ድርጅት ላይ በሚያዝ ድርሻ ምትክ የሚሰጥ ከሆነ እሱ ኢንቨስትመንት ነው፤ ሽልማት ብላችሁ አትጥሩት። ትልልቆቹ ውድድሮች፣ ለምሳሌ በ2001 የተጀመረው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ውድድር፣ ከጥሬ ገንዘብ ሌላ እንዲህ ያለ የኢንቨስትመንት ሽልማት ያቀርባሉ። ተማሪው የድርሻውን መጠንና ውሉን ከማመልከቱ በፊት አንብቦ፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተማክሮ ይግባ።

ገንዘቡን በአንዴ ወይስ በየምዕራፉ? ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ቡድኑ ራሱ የመረጠውን አንድ ሥራ ሲያጠናቅቅ መስጠቱ ጥሩ ይሠራል። ሥራው ናሙና ማጠናቀቅ፣ ድርጅቱን ማስመዝገብ ወይም የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ማግኘት ሊሆን ይችላል። 6 ወር ስጧቸው። ሪፖርቱ አንድ ገጽ ይሁን። ተማሪን በደረሰኝና በማኅተም ማመላለስ ከሽልማቱ በላይ ያደክመዋል። ለሁለተኛው ክፍያ የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው ዝግጅት ይበላል።

አንድ ወረቀት አትርሱ፦ የቡድን ስምምነት። ከፍጻሜው በፊት እያንዳንዱ ቡድን የአባላቱን ስም፣ የእያንዳንዱን የገንዘብ ድርሻ፣ አንድ አባል ቢወጣ ምን እንደሚሆንና ገንዘቡ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ ፈርሞ ያስገባ። ጓደኛሞች ናቸው፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ገንዘብ ሳይመጣ የተጻፈ ስምምነት ጓደኝነትን ያተርፋል። ግብርም እንዲሁ ነው፤ ሽልማቱ ላይ የሚቆረጥ ግብር ካለ የተጻፈው መጠን ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ጥሪው ላይ አሳውቁ።

ልዩ ሽልማቶችን አታብዙ። የተመልካች ምርጫ ሞቅ ያለ ነገር ነው፣ ግን የሚያሸንፈው ብዙ ጓደኛ ይዞ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዳኞች ነጥብ ጋር በፍጹም አይደመር፣ የገንዘቡም መጠን አነስተኛ ይሁን። ለሌሎቹ ልዩ ሽልማቶች የየራሳቸው መስፈርት ይኑራቸው። በቂ ተወዳዳሪ ካልተገኘ ሽልማቱ ላይሰጥ እንደሚችል ደንቡ ላይ ጻፉ። አንድ ቡድን ስንት ሽልማት መውሰድ እንደሚችልም ወስኑ።

9. ውጤቱን አሳውቁ፣ አስተያየቱን አድርሱ

ከሦስተኛ ጀምራችሁ ወደ አንደኛ ጥሩ። ከዳኞቹ አንዱ ለየአሸናፊው ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ከመስፈርቱ ጋር አያይዞ ይናገር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ምን እንደተሸለመ ይስማ።

አንደኛ ያልወጡትን ደግሞ በአክብሮት ሸኟቸው። አካማይ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ1998 በኤም.አይ.ቲ. ውድድር ለፍጻሜ ቀርቦ አንደኛ አልወጣም፤ በ1999 ግን አክሲዮኑ በገበያ ይሸጥ ነበር። ዳኞች የሚያዩት በዚያ ቀን የቀረበውን ማስረጃ ነው። ይህን መድረኩ ላይ ተናገሩት።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ቡድን፣ በማጣሪያ ለቀሩትም ጭምር፣ አንድ ገጽ አስተያየት ላኩ። በየመስፈርቱ ያገኙት አማካይ፣ ሁለት ጠንካራ ጎን፣ ወደሚቀጥለው ነጥብ ለመሻገር የሚጎድላቸው አንድ ነገር። የዳኛ ስም አይጻፍበት። ዳኞች ከአዳራሹ ከመውጣታቸው በፊት ማስታወሻቸውን ሰብስቡ፤ «በኢሜይል እልካለሁ» ያለ ዳኛ ሥራው ይውጠዋል።

ቅሬታ ለመቀበል 48 ሰዓት ክፈቱ። ቅሬታው ስለ ሥነ ሥርዓቱ ብቻ ነው፦ የቁጥር ስህተት፣ ያልተገለጸ የጥቅም ግጭት፣ ያልተከበረ ሰዓት። የዳኛ ሙያዊ አስተያየት አይከለስም። ቅሬታውን የሚያየው በዳኝነቱ ያልተሳተፈ ሰው ይሁን። የሽልማቱ ገንዘብ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይከፈል።

የነጥብ ወረቀቶቹን ቢያንስ 1 ዓመት አስቀምጡ። በስድስተኛው ወር የሁለተኛው ክፍያ ሪፖርት ሲመጣ አብራችሁ አውጧቸውና፣ በየትኛው መስፈርት ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ቡድኖች ሥራቸውን እንደቀጠሉ፣ በየትኛው ያገኙት እንደቆሙ አወዳድሩ። የሚቀጥለው ዓመት የነጥብ ክፍፍል የሚጻፈው ከዚያ ተነስቶ ነው።